ጉግል ስኮላር በፋርማኮጄኔቲክስ አንባቢ ዓይን፦ ፍለጋው ይመሰገናል፣ ቆጠራው ይጠረጠራል

እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው ጉግል ስኮላር በአንድ ስም ሁለት አገልግሎት ይሰጣል። አንደኛው የጥናት ጽሑፍ መፈለጊያ ነው። ሁለተኛው በ2011 የተጨመረው፣ ተመራማሪዎች ሥራዎቻቸውን ሰብስበው እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚያሳዩበት የግል ገጽ ነው፤ ዛሬ ሥራ ፈላጊም፣ ዕድገት ጠያቂም፣ የምርምር ገንዘብ አመልካችም የዚህን ገጽ አድራሻ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ለምዷል። ሁለቱን ለየብቻ መመዘን ያስፈለገኝ የመጀመሪያው በሥራው ያፈራውን መልካም ስም ሁለተኛው ሳይለፋበት ሲወርስ ስለማይ ነው። መፈተኛ ያደረግሁት የራሴን መስክ ነው፦ ሰዎች በውርስ ባገኙት የጂን ልዩነት ምክንያት አንዱን መድኃኒት ለምን በተለያየ ፍጥነት እንደሚያብላሉት የሚያጠናውን ፋርማኮጄኔቲክስን።

ለፍተሻው የመረጥሁት ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለውን የጉበት ኤንዛይም ነው። ይህ ኤንዛይም በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንድ አራተኛ ያህሉን በማብላላት ይሳተፋል። ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው በዋነኛነት ይኸው ኤንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው ነው፤ ስለዚህ ኤንዛይሙ የማይሠራለት ሰው ክኒኑን ውጦ ሕመሙ ባለበት ይቆያል፣ የጂኑን ትርፍ ቅጂ የወረሰው ደግሞ በተለመደው መጠን እንኳን ከሚጠበቀው በላይ ሞርፊን በደሙ ሊገኝ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 ቶንሲላቸው ለሚወጣላቸው ሕፃናት ኮዴይን መስጠትን በተመለከተ ከባድ ማስጠንቀቂያ ያወጣው፣ በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላሉት ፈጽሞ እንዳይሰጥ የወሰነው በዚህ ሥጋት ነው። ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በስዊድን ከሚገኘው ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት በ1996 ያሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህን ጂን ትርፍ ቅጂ እንደያዙ አሳየ፤ በስዊድናውያን ዘንድ ይኸው ቁጥር ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው።

ይህን ጽሑፍ በስኮላር መፈለግ ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው። የኤንዛይሙንና የአገሩን ስም መጻፍ ይበቃል። ከሥሩ ያለው «ጠቅሰውታል» የሚለው ማያያዣ ጥናቱን የጠቀሱትን ሥራዎች ሁሉ ይዘረዝራል፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ብቻ እንደገና መፈለግም ይቻላል። ብዙዎች የማይነኩት ይህ ትንሽ ሳጥን በእኔ ግምት የአገልግሎቱ ምርጥ ክፍል ነው፤ ለምሳሌ የ1996ቱን ጥናት ከጠቀሱት መካከል ትራማዶል ወይም ታሞክሲፈን የተባሉትን መድኃኒቶች የሚያነሱትን ብቻ ነጥሎ ለማየት ከዚህ የሚቀል መንገድ አላውቅም። የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ የሆነው ፐብሜድ በአመዛኙ ርእስና አጽሕሮት ላይ ሲያተኩር ስኮላር ግን ሙሉውን ጽሑፍ ስለሚያስስ፣ በሠንጠረዥ ግርጌ የተቀበረች አንዲት የጂን ዓይነት እንኳን ትገኛለች። የማስተርስና የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፎችንም ከዩኒቨርሲቲዎች ማኅደር ያመጣል፤ በአፍሪካ የተሠራ የመድኃኒት ጥናት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቀመጠው በዚያ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉድለቱ ቁርጥ ያለ የቃላት መዝገብ የሌለው መሆኑ ነው። ፐብሜድ ባለሙያዎች ባዘጋጁት የርእሰ ጉዳይ መዝገብ ተመርቶ የአንድን ነገር ልዩ ልዩ መጠሪያዎች ያገናኛል፤ ስኮላር የሚፈልገው የተጻፈለትን ነው። ሲዋይፒ2ዲ6 በቀድሞው ዘመን ጽሑፎች ውስጥ የደም ግፊት መድኃኒት በነበረው በዴብሪሶኪን ስም ይጠራ ስለነበር፣ አዲሱን ስም ብቻ የሚጽፍ ተማሪ መስኩ የተጀመረባቸውን የ1970ዎቹን ሥራዎች ሳያያቸው ያልፋል።

ከዚህ የከፋው የውጤቶቹ አሰላለፍ ነው። ስኮላር ብዙ የተጠቀሰውን ወደ ላይ ያወጣል፤ ላይ የወጣው ይበልጥ ይነበባል፣ የተነበበው ይበልጥ ይጠቀሳል። በእኛ ጉዳይ ይህ የሚያስከትለው መዘዝ ተጨባጭ ነው። የ1996ቱ 29 በመቶ ከክለሳ ወደ ክለሳ ሲሸጋገር ይኖራል፤ ነገር ግን እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2002 ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ስዊድን ውስጥ ከሚኖሩት ጋር አነጻጽረው፣ የጂን ዓይነታቸው አንድ ሆኖ ሳለ አገር ቤት ያሉት ዴብሪሶኪንን በዝግታ እንደሚያብላሉት አሳይተዋል። ከጂኑ ሌላ የአካባቢም ተጽዕኖ አለ ማለት ነው። ጫት የዚህን ኤንዛይም ሥራ እንደሚያዳክም ያሳዩ ጥናቶችም ኋላ ተከትለዋል። ትርፍ ቅጂ ይዞ ጫት የሚቅም ሰው እንደ ፈጣን ይቆጠር ወይስ እንደ መካከለኛ? የቁጥሩን ክብደት የሚወስነው እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አንብቦ የሚዘጋ ግን ጥያቄው መኖሩንም አይሰማም። ውጤቱን በዓመት ገድቦ ወይም በቀን አሰልፎ ማየት ጥቂት ይረዳል፤ ጠቃሚ ልማድ ነው፣ ግን አስቀድሞ መጠርጠርን ይጠይቃል።

ወደ ግል ገጹ ስንመጣ ፍርዴ ይለወጣል። ገጹ በቀኝ በኩል ሦስት ቁጥሮች ያሳያል፦ ጠቅላላ የመጠቀስ ብዛት፣ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረበው ኤች-ኢንዴክስ፣ እና አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱ ጽሑፎችን የሚቆጥረው አይ10። አምስት ጽሑፎች ያሉትና በቅደም ተከተል 40፣ 12፣ 6፣ 4 እና 1 ጊዜ የተጠቀሱለትን ሰው እንውሰድ። ቢያንስ አራት አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ጽሑፎች ስላሉት ኤች-ኢንዴክሱ 4፣ አይ10 ደግሞ 2 ነው። አሁን 12 ጊዜ የተጠቀሰው ሥራ፣ የደራሲው ስም በላቲን ፊደል በሁለት መልክ ስለተጻፈ ብቻ፣ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ 7 ሌላው 5 ተጠቅሷል ተብሎ ቢመዘገብ፣ ኤች-ኢንዴክሱ ባለበት ሲቆይ አይ10 በግማሽ ይወርዳል። ባለቤቱ ሁለቱን መዝገቦች ራሱ ማዋሐድ ይችላል፤ ገጽ ያልከፈተ ወይም ከፍቶ የተወው ሰው ግን እንደተከፈለ ይቀራል።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያውያን ስም ልዩ ጣጣ አለው። መሣሪያው የተሠራው በቤተሰብ ስም ለሚጠሩ ሕዝቦች ነው፤ እኛ ግን የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን። በዝርዝሩ ውስጥ የሚጎላው አባት ነው፤ ልጅ ወይም ልጂት በአንዲት ፊደል ይታጠራሉ። ታደሰ፣ ተስፋዬ፣ ጥሩነሽና ፀሐይ በእኛ ፊደል ሦስት የተለያዩ ድምፆች ይዘው ይጀምራሉ፤ በላቲን ግን የሁሉም የመጀመሪያ ፊደል አንድ ነው። የአራቱም አባት ከበደ ቢባል አራቱ ሰዎች በማጣቀሻ ዝርዝር አንድ ሰው ሆነው ይታያሉ። በተቃራኒው ገብረ ሥላሴን ወይም ኃይለ ማርያምን የመሰለ ጥምር ስም አንዴ ተያይዞ፣ አንዴ ተነጣጥሎ፣ አንዴ በሰረዝ ሲጻፍ፣ አንዱ ሰው ሦስት ይሆናል። በጥሩ ሁኔታ የተያዘ ገጽ ይህን ያስተካክላል፤ ይሁን እንጂ ማስተካከያው ሙሉ በሙሉ በባለቤቱ ትጋትና ቅንነት ላይ የተመሠረተ ነው።

ቅንነቱ ደግሞ አስተማማኝ እንዳልሆነ በ2010 ተፈትኗል። ፈረንሳዊው የኮምፒውተር ተመራማሪ ሲሪል ላቤ አይክ አንትካር የሚባል በዓለም ላይ የሌለ ሳይንቲስት ፈጠሩ፤ በሶፍትዌር የተቀናበሩና ትርጉም የሌላቸው፣ እርስ በርሳቸው የሚጠቃቀሱ ጽሑፎችን በስሙ ድረ ገጽ ላይ አስቀመጡ፤ ስኮላርም ሰበሰባቸው። ያልተወለደው ሊቅ ኤች-ኢንዴክስ 94 ሆነ። ስኮላር ድረ ገጽ ላይ ያገኘውን የጥናት መልክ ያለው ነገር ሁሉ ስለሚሰበስብ፣ ከላይ ያመሰገንሁለት ስፋት እዚህ ድክመቱ ይሆናል።

ቁጥሩ ትክክል በሆነበት ጊዜም የሚናገረው ጥቂት ነው። የ1996ቱ ጥናት ስድስት ደራሲዎች አሉት። በሕክምና ሳይንስ ልማድ መጀመሪያ የተጻፈው አብዛኛውን ሥራ የሠራው፣ መጨረሻ የተጻፈው ቤተ ሙከራውን የመራው ነው፤ በመካከል ያሉት አስተዋፅኦ ከሰው ሰው ይለያያል። ስኮላር ለስድስቱም እኩል ሙሉውን ቁጥር ይሰጣል። በመቶ የሚቆጠሩ ደራሲዎች በሚፈርሙባቸው ትልልቅ የጂኖም ጥናቶች ላይ ናሙና የላከ ሐኪምና ትንታኔውን የነደፈ ሰው በዚህ ሚዛን አይለያዩም። ቁጥሩ ጽሑፉ ለምን እንደተጠቀሰም አይናገርም፤ ተቃውሞም ሆነ ለመግቢያ ዐረፍተ ነገር ማሟያ የተጠራ ስም እንደ አንድ ይቆጠራል።

አማራጮቹን በአጭሩ ላንሳ። ስኮፐስና ዌብ ኦቭ ሳይንስ የተባሉት የጥናት ጽሑፍ ማውጫዎች መዝገባቸው የጠራ ነው፤ ሙሉ አገልግሎታቸው ግን ክፍያ ይጠይቃል፣ ከአገር ውስጥ መጽሔቶች የሚያካትቱትም ጥቂት ነው። በ2012 የተጀመረው ኦርኪድ ምንም አይቆጥርም፤ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ 16 አኃዝ ያለው ቋሚ መለያ በነፃ ይሰጣል እንጂ። በመስካችን የጂን ዓይነቶች ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በኮከብ ምልክት የሚጻፍ የየራሳቸው መለያ ቁጥር አላቸው፤ በካሮሊንስካ ይያዝ የነበረው ያ መዝገብ በ2017 ፋርምቫር ወደተባለ ተቋም ተዛውሯል። አንድ ጂን በየመጽሔቱ ስሙ እንዳይለዋወጥ ይህን ያህል ስንጠነቀቅ፣ ጂኑን ያጠኑት ሰዎች በአባታቸው ስምና በአንዲት ፊደል እንዲንጠለጠሉ መተዋችን ያስገርመኛል።

ስኮላርን ለፍለጋ ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ነፃ ነው፣ በስልክም በደንብ ይሠራል፣ ለኢትዮጵያ ጥናቶች ከእርሱ የሰፋ መረብ የለም። ገጹን ለቅጥር ወይም ለዕድገት ውሳኔ መመዘኛ ማድረግን ግን አልደግፍም፤ ኮሚቴ ከሦስቱ ቁጥሮች ይልቅ አመልካቹ የመረጣቸውን ሁለት ሦስት ሥራዎችና በእያንዳንዳቸው ላይ የነበረውን ድርሻ ቢጠይቅ ይሻላል። ገጽ የሚከፍት ሰው በቅንብሩ ውስጥ አንድ ምርጫ ያገኛል፦ ስኮላር አዳዲስ ጽሑፎችን በራሱ ይጨምር፣ ወይስ አስቀድሞ በኢሜይል ያስፈቅድ? አባቱ ከበደ፣ ታደሰ ወይም ተስፋዬ የሚባል ሁሉ ሁለተኛውን ይምረጥ።