ሃርትስ ኦፍ አይረን 4 ከወራት በኋላ፦ መማሪያውን ዝለሉት፣ ኢትዮጵያን ያዙ

ሃርትስ ኦፍ አይረን 4ን ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፤ ግዛው፣ መማሪያውን ግን አትንካው። ጨዋታውን ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ደሴ ላይ መብራት ባለ ቁጥር ማታ ማታ ከፊቱ ተቀምጫለሁ፤ ስለ ሥዕሉም፣ ስለ ሙዚቃውም ጥሩ ጥሩ ነገር መጻፍ እችል ነበር። ነገር ግን ስለ መማሪያው ያለኝን ሳልናገር ስለ ሌላው መናገር አይሆንልኝም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው።

ለማያውቁት፣ ይህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አንድን አገር የሚያስመራ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ጊዜው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1936 ይጀምራል። በዓለም ካርታ ላይ የፈለጋችሁትን አገር ትመርጣላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ፋብሪካው፣ ምልመላው፣ ሕጉ፣ ምርምሩ፣ ዲፕሎማሲውና እያንዳንዱ ክፍለ ጦር በእጃችሁ ነው። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ጠላት ይንቀሳቀሳል፣ እናንተ ገና የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫኑ እየፈለጋችሁ ነው። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ጀማሪ ያለ አስተማሪ አይወጣውም። ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ መማሪያ አዘጋጅተዋል። እኔ በያዝኩት ቅጂ መማሪያው ተማሪውን ጣሊያን ያደርገዋል። ትምህርቱ ኢትዮጵያን መውረር ነው።

ደረጃ በደረጃ ያስኬዳል። ክፍለ ጦሮችህን በአንድ አዛዥ ሥር ሰብስብ ይላል። ቀጥሎ በድንበሩ ላይ የግንባር መስመር አስምር። ከዚያ ማውሱን ይዘህ ወደ ጠላት መሬት የማጥቂያ ቀስት ሳብ። ቀስቱን የምስበው እኔ ነኝ፤ የሚሳበው ከኤርትራ ድንበር ወደ ደቡብ ነው። ካርታው የከተሞቹን ስም ጻፈውም አልጻፈውም መንገዱን አውቀዋለሁ፤ በማይጨው፣ በቆቦ፣ በወልድያ፣ በውጫሌ አድርጎ ደሴ ይገባል። በመጨረሻ አንዲት ቁልፍ አለች፤ እሷን ስትጫን ሠራዊቱ በቀስቱ ላይ ይንቀሳቀሳል። እኔ አልተጫንኳትም። ጨዋታውን ዘጋሁት፤ ለሳምንታትም አልከፈትኩትም።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1936 በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ነበር። ደሴ ከአየር የተደበደበችው ኅዳር 26 ቀን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሰፈራቸውን እዚሁ አድርገው ስለነበር በዚያ ቀን ራሳቸው ከፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ጀርባ ሆነው ተኩሰዋል። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ተመትቷል። እንግዲህ ጨዋታው ሰዓቱን ማስቆጠር ሲጀምር የእኛ ከተማ ከተቃጠለች ገና ወር አልሞላትም።

ሻጩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። በመጀመሪያ «ወንድሜ፣ ይህ እኮ ጨዋታ ነው» ይለኛል። ጨዋታ ከሆነ ታዲያ ሲሸጡት የታሪኩን ትክክለኛነት፣ የካርታውን ዝርዝር፣ የጄኔራሎቹን ስም ለምን ይጠሩልናል? ለመሸጥ ሲሆን ታሪክ፣ ለመጠየቅ ሲሆን ጨዋታ ሊሆን አይችልም።

ቀጥሎ «ጣሊያን የተመረጠው ጦርነቱ ቀድሞ ስለተጀመረና ተቃራኒው ወገን ደካማ ስለሆነ ነው፤ ጀማሪ እንዳይደናገጥ ቀላል መሆን አለበት» ይላል። የሚያንገበግበኝ ይህ «ቀላል» የሚለው ነው። በታሪክ ቀላል አልነበረም። የጣሊያን ጦር አዛዥ የነበረው ደ ቦኖ ዘገምተኛ ነው ተብሎ ተነስቶ በሌላ ጄኔራል፣ በባዶሊዮ ተተክቷል። በታኅሣሥ ወር የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ ግንባር ላይ ጣሊያንን ወደ ኋላ መልሷል። ቀላል ጦርነት የሚዋጋ ሠራዊት የመርዝ ጋዝ ከሰማይ አያርከፈክፍም። ለአያቶቻችን እንደዚያ የመረረውን ጦርነት ለጀማሪ ማፍታቻ ማድረግ የታሪክ ስህተትም የአክብሮት ጉድለትም ነው።

በማስተማር ረገድም ቢሆን ስህተት ነው፤ ይህን ወራት ከተጫወትኩ በኋላ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። ጠንካራውን ይዞ ደካማውን የሚገፋ ተማሪ የሚማረው ቀስት መሳብ ብቻ ነው። ስንቅ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን፣ የጠላት አውሮፕላን ሰማዩን ሲይዝ ምን እንደሚደረግ፣ ከተራራ ላይ የሚዋጋ ጦር ለምን እንደሚጸና አያይም። ወደ ዋናው ጨዋታ ገብቶ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ሲጋጠም ሠራዊቱ ለምን እንደቆመበት ሳይገባው ይቀራል።

ሻጩ በመጨረሻ «ካልወደድከው ኢትዮጵያን ምረጥና ተጫወት» ይላል። እሺ፣ መረጥኩ። ጨዋታውን እንደገና ስከፍት በቀጥታ ኢትዮጵያን ያዝኩ፤ ከዚያ በኋላ ያወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የተመለሰልኝ መሰለኝ።

ኢትዮጵያን ስትይዙ ጦርነቱ በላያችሁ ላይ ነው። ፋብሪካ ከቁጥር የማይገባ፣ ጠመንጃ የሚጎድል፣ አውሮፕላን የለም ማለት የሚቻልበት አገር ነው። መጀመሪያ የምትማሩት የክፍተት ቁልፉን (ስፔስ ባሩን) ተጭኖ ጊዜን ማቆም ነው፤ ይህን ጨዋታ ሳያቆም የሚጫወት ሰው አይቼ አላውቅም። ከዚያ ያሉትን ጥቂት ፋብሪካዎች ጠመንጃ ላይ ታሰማራላችሁ። ከእያንዳንዱ ክፍለ ጦር ጎን ሁለት ቀጭን መስመሮች አሉ፤ ብርቱካናማው የሰውና የመሣሪያ ብዛቱን፣ አረንጓዴው ተደራጅቶ የመዋጋት አቅሙን ያሳያል። ጀማሪ ብርቱካናማውን ያያል። ውጊያን የሚወስነው ግን በአብዛኛው አረንጓዴው ነው፤ ሲያልቅ ጦሩ ሰው ሞልቶትም ያፈገፍጋል። ይህን የነገረኝ የጽሑፍ ማብራሪያ ሳይሆን አንድ ሙሉ ሰው ያለው ክፍለ ጦር ዓይኔ እያየ ቦታውን ሲለቅ ነው።

ዋናው ትምህርት ስንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ማሻሻያ ወዲህ ስንቅና ትጥቅ ከዋናው ከተማ በሐዲድ ወደ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ይሄዳል፤ ከጣቢያው ወደ ጦሩ በፈረስ ወይም በጭነት መኪና ይደርሳል። ከጣቢያው በራቃችሁ መጠን የሚደርሰው እየሳሳ ይሄዳል፣ ተራራ ደግሞ ይብስበታል። ይህን የሚያሳይ ለብቻው የሆነ ካርታ አለ። እኔ በቁጥሮቹ ላይ ስጨነቅ አንድ ማታ ጎረቤታችን፣ ከደሴ በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ አድርገው አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ቡና ሊጠጡ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ይህ ቀለም ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ስንቅ የሚደርስበት ነው ጋሼ፤ ቀለሙ ሲሳሳ የሚደርሰው ቀንሷል ማለት ነው።»

ጨዋታው ገና ሲጀመር ሰሜን ድንበሩ ላይ ያስቀመጣቸውን የእኛን ክፍለ ጦሮች በጣታቸው ነኩ። «ታዲያ እነዚህን እዚያ ድረስ ማን ያበላቸዋል? ወደዚህ መልሳቸው። ሽቅቡን እነሱ ይውጡት። ሽቅብ የሚጭን መኪና ምን እንደሚበላ እኔ አውቃለሁ።»

«መሬቱን ዝም ብዬ ልልቀቅላቸው?»

«አብሽር ልጄ፤ ድንበር ላይ ካልበላ ጦር ተራራ ላይ የበላ ይሻላል።»

እንዳሉት አደረግኩ። የመመለሻ መስመር የሚባል መሣሪያ አለ፤ ጦሩ እየተዋጋ ሳይሆን ተደራጅቶ ሄዶ የሚቆምበትን ቦታ ታሰምራላችሁ። መስመሩን በተራሮቹ ጫፍ ላይ አሳጠርኩት፤ ጥቂት ክፍለ ጦሮችን ጠባብ ቦታ ላይ ደረደርኩ፣ የቀሩትን ከኋላ አሳረፍኩ። ጣሊያን መጣ። ውጊያ ሲነሳ በካርታው ላይ ቁጥር የያዘ ክብ ይወጣል፤ ቀይ ከሆነ እየተሸነፋችሁ፣ አረንጓዴ ከሆነ እያሸነፋችሁ ነው። ክቡን ስከፍተው በአጥቂው በኩል ቅጣቶቹ በተርታ ተጽፈዋል፤ ተራራ ላይ ሽቅብ ማጥቃቱ አንድ፣ የስንቅ እጥረቱ ሌላ። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው አንድ በአንድ አስነበቡኝና «ይኸው፣ ስንቃቸው ደርቋል» አሉ። ክቡ ቀይ ሆኖ ቆየ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። የእኔ ደስታ እንዳለ ሆኖ የእሳቸው ባሰ። ከዚያ ወዲህ ቡና ሲጠጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ግንባሩ የት እንደደረሰ ነው።

ይህ ሁሉ መማሪያው ውስጥ የለም። መማሪያው የጣለውን ጨዋታው ራሱ አንስቶ አስተማረኝ፤ ያውም ከተሸናፊው ወገን ሆኜ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ክፍለ ጦራችሁ ላይ አንድ አነስተኛ የፀረ አውሮፕላን ክፍል ጨምሩ። ተዋጊ አውሮፕላን ለሌለው አገር ጣሊያን ሰማዩን ይዞ የሚያደርሰውን ጉዳት ከሁሉ ይልቅ የሚያቀልለው እሱ ነው። ይህን ክፍል ባስገባሁ ቁጥር ያ የኅዳር 26 ቀን ይታወሰኛል።

ሌላው ቅሬታዬ ዋጋው ነው። ኢትዮጵያ በዋናው ጨዋታ ውስጥ አለች፤ ነገር ግን የራሷ የሆነ የፖለቲካ ጎዳና የላትም። ለማንኛውም ትንሽ አገር የሚሰጠው አጠቃላይ ዝርዝር ነው የሚቀርብላት። የራሷ ታሪክ፣ በስደት ያለ መንግሥት፣ የአርበኞች ትግል የገባው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ባይ ብለድ አሎን በሚባል ለብቻው በሚሸጥ ተጨማሪ ክፍል ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ኢትዮጵያን ለመውረር የሚያስፈልገው ትምህርት ከዋናው ጋር በነጻ ይሰጣል፣ ኢትዮጵያን በአግባቡ ለመምራት ግን ሌላ ገንዘብ ይከፈላል። ተጨማሪውን ገዝቼዋለሁ፤ ጥሩ ነው፤ ቅር ያለኝ ግን ቅር እንዳለኝ ነው።

የመርዝ ጋዙንም በተጫወትኩት ሁሉ አላገኘሁትም። መሣሪያዎቹ መካከል የለም፤ በውጊያው መስኮትም አይታይም። ተጫዋቹ እንዲረጨው አልፈልግም፣ ባይኖርም ይሻላል። ከማይጨው በኋላ አሸንጌ ሐይቅ ዳር በሚያፈገፍገው ሠራዊት ላይ የወረደውን የሚያውቅ ሰው ግን የሰሜኑን ግንባር በጨዋታ ሲይዝ አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል። ቢያንስ አንድ ገጽ ጽሑፍ ያስፈልግ ነበር።

የቀረው ባጭሩ ነው። ጽሑፉ በሙሉ በውጭ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ የለም። ኮምፒውተሩ ደህና ካልሆነ ጨዋታው ወደ እ.ኤ.አ. 1940ዎቹ ሲገባ ይንቀራፈፋል። በራሱ ጊዜ እየቆጠረ ስለሚያስቀምጥ መብራት ቢጠፋም ብዙ አይጠፋባችሁም። ክፍያውን ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ነው የጨረስኩት።

ሠሪዎቹን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሁለተኛ መማሪያ ሥሩ፣ ተማሪውንም ኢትዮጵያዊ አድርጉት። ከመረብ ወደ ተራሮቹ በሥርዓት ማፈግፈግ፣ ጥቂት ጠመንጃን ለየትኛው ክፍለ ጦር እንደሚሰጡ መምረጥ፣ የስንቅ ካርታውን ማንበብ፣ ሰማዩ የጠላት ሲሆን መዋጋት፤ ጨዋታው ያለው ጥበብ ሁሉ በዚያ አንድ ግንባር ላይ ይማራል። ጣሊያን ሆኖ መጫወት የሚፈልግ ይጫወት፣ አልከለክልም፤ የመጀመሪያው በር ግን እሱ አይሁን።

እስኪሠሩት ድረስ የምትገዙ ሰዎች እንዲህ ጀምሩ። መማሪያውን ዝለሉ፣ ኢትዮጵያን ምረጡ፣ ሰዓቱ ሳይንቀሳቀስ የክፍተት ቁልፉን ተጫኑ። የስንቅ ካርታውን ክፈቱና ከድንበሩ ላይ ያለውን ጦር ስንቅ ወደሚደርስበት ተራራ መልሱ። ፋብሪካዎቹን ጠመንጃ ላይ አድርጉ። ከዚያ በዝግተኛው ፍጥነት ልቀቁት። በታሪክ ደሴ ሚያዝያ 7፣ አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ነው የተያዙት፤ እነዚህን ቀኖች ከፊታችሁ ጽፋችሁ አስቀምጡና ደሴን ከሚያዝያ 7 አሳልፉ። ካሳለፋችሁ ክረምቱ እስኪገባ ያዙ፤ ካላሳለፋችሁ ከታኅሣሥ 22 እንደገና ጀምሩ፣ በዚህ ጊዜ መስመሩን አንድ ተራራ ወደ ኋላ ሳቡት።