በርበሬዬን ሳይነኩ ያቀሉልኝ ታፔላ ሰሪ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ምስጋናዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። ታፔላ ለማሰራት ያሰባችሁ ካላችሁ ግን ሳታሰሩ በፊት አንብቡት።

ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ የባልትና ሱቅ አለችኝ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ እርድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶ። አምና ሱቋን ሳድስ አንድ ማተሚያ ቤት ሄጄ ባነር አሰራሁ። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ ያልኳቸውን ነው የሰሩልኝ፣ ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። አረንጓዴ መደብ ላይ ቀይ ጽሁፍ ይሁን አልኩ፣ ሁለቱም ደማቅ ናቸው ብዬ። የበርበሬ ዛላ ጨምሩ፣ ሽሮ በድስት ጨምሩ፣ መሶብ የያዘች ሴት፣ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ «ጥራት መለያችን ነው»፣ በአራቱም ጥግ አበባ። ኮምፒውተሩ ላይ ሳየው ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ከተሰቀለ በኋላ ከመንገድ ማዶ ሆኖ ያነበበው ሰው አልነበረም። አንዲት ደንበኛ በስልክ እየመራኋት መጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ «አሁንስ በየት ልታጠፍ?» አለችኝ። ክረምት ገብቶ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድማ ጭራሽ አንድ አረንጓዴ ጨርቅ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው «አንድ ሽማግሌ ሰዓሊ አሉ፣ ታፔላ በእጅ ነው የሚጽፉት» ብሎ የጠቆመኝ። እውነቱን ልናገር፣ በዚህ ዘመን በብሩሽ ማን ይጽፋል ብዬ ነበር የሄድኩት። ጋሼ መጡ። ሱቅ ውስጥ አልገቡም፤ ቀጥ ብለው መንገዱን ተሻገሩና ማዶ ቆመው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ስልኬን ተቀብለው ባነሩን ፎቶ አነሱና ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደረጉት።

«አንብቢው እስቲ» አሉኝ።

የሚነበብ ነገር የለም። መደቡም ግራጫ፣ ፊደሉም ያው ግራጫ። በገዛ ገንዘቤ ያሰራሁት ስም የት እንደገባ ጠፋኝ።

«ቀይና አረንጓዴ በቀለም ባላንጣ ናቸው» አሉ። «አንቺ ግን በጥቁረት እኩያ አደረግሻቸው። ዓይን ፊደልን ከሩቅ የሚለየው መጀመሪያ በጠቆረና በፈካ ነው፣ ቀለሙ ቀጥሎ ይመጣል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ዳርና ዳሩ ላይ ይንቀጠቀጥብሻል እንጂ አይነበብም። ቀይና አረንጓዴ የማይለይላቸው ሰዎች ደግሞ አሉ፤ እነሱማ ከናካቴው አያዩሽም።» ይህንን ሙከራ ዛሬውኑ በራሳችሁ ታፔላ ላይ ሞክሩት፣ ምንም ወጪ የለውም።

ጉሙንም በዚያው አስረዱኝ። የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ተራራዎቹን ልብ ብላችኋል? ቅርቡ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ ቢጤ፣ የመጨረሻው ከሰማይ ሊቀላቀል ምንም አይቀረው። መሃል ላይ ያለው አየር ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ሩቁን ነገር እያፈካና ወደ ሰማያዊ እየወሰደ ልዩነቱን ይበላል። ሰዓሊዎች ርቀትን የሚስሉት በዚህ ነው። ጋሼ «ደሴ ላይ ታፔላ የሚሰራ ሰው ለጉም ነው የሚሰራው፣ ልዩነቱን ጉሙ በልቶም እንዲተርፍ አድርጎ» ይላሉ።

አሁን ወደ በርበሬዬ። ይሄን ሳልከፍላቸው ነው የሰሩልኝ። ቡና አፍልቼ ሱቅ ውስጥ አስቀመጥኳቸው፣ አቦሉን ይዘው ዓይናቸው ጎድጓዳ ሳህኖቼ ላይ ነው። በርበሬውን ቀይ እንዲመስል ብዬ ደማቅ ቀይ ፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ነበር የማሳየው። «ልጄ፣ በርበሬሽን ከፕላስቲክ ጋር አታፎካክሪ፣ ትሸነፊያለሽ» አሉና አንዱን ሳህን አረንጓዴ ትሪ ላይ ዘረገፉት። በጭካኔ ነው የዘረገፉት፣ አስነጠሰን። ግን ወይ ጉድ! ያው በርበሬ፣ ከዚያው ከረጢት የወጣ፣ ቀይ ሳህን ውስጥ ያለው ቡናማ፣ ትሪው ላይ ያለው ትናንት የተፈጨ መሰለ። ማታ የመጣች ደንበኛ «ይሄኛው አዲሱ ነው?» ብላ ከትሪው አስመዘነች። ኧረ አንድ ነው ብላት አላመነችኝም።

ነገሩ ጥንቆላ አይደለም። ከ1824 ጀምሮ (እ.ኤ.አ. ነው) ፓሪስ ጎብለን በሚባለው የሥዕላዊ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ የነበረ ሼቭረል የሚባል ኬሚስት ነበር። ጥቁሩ ክር ደካማ ነው፣ አይጠቁርም የሚል ስሞታ ይመጣበታል። ቢመረምር ክሩ ምንም አልጎደለውም፤ ከሰማያዊና ከሐምራዊ ጎን ስለተሸመነ ነው የደበዘዘው። ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለሞች እያንዳንዳቸው ሌላውን ወደ ተቃራኒያቸው ይገፉታል ብሎ በ1839 መጽሐፍ አወጣበት። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ጥቁር አዝሙዴ ሰማያዊ ሳህን ውስጥ ተቀምጧል። ምንም ሳይሉ አነሱና ነጩ ላይ ገለበጡት። እርዱን ደግሞ ከጥቁር አዝሙዱ አጠገብ አደረጉት፤ አሁን ከበሩ የሚያበራው እሱ ነው።

ስለ ቅንብርም ተናግረውኛል፣ እዚህ ላይ ትንሽ ተናደድኩ። መሶብ የያዘችው ሴት የምወዳት ነበረች። እሳቸው ግን «ይቺ ሴት ወዴት ነው የምታየው?» አሉ። ለካ ፊቷን ወደ ባነሩ ውጪ አዙራ ጎረቤቴን ሞባይል ቤት ነው የምታየው! ሰው ደግሞ የተሳለ ዓይን ወደሚያይበት አብሮ ያያል። የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎች ይህን ድሮ ነው የሚያውቁት፤ ቅዱሳኑን ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይን፣ ክፉዎቹን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ቅዱሱ ቀጥ ብሎ ሲያይህ ቆመህ ታየዋለህ። ሴትየዋ ተሰረዘች፣ አበባዎቹም፣ አንዱ ስልክ ቁጥርም። «ጥራት መለያችን ነው»ን ለማትረፍ ተከራከርኩ። «ጥራት ከሌለሽ መቼ ትጽፊዋለሽ?» አሉኝና እሱም ሄደ።

ኮምፒውተር ላይ ያማረው ለምን ታትሞ ሲመጣ ሞተ ለሚለውም መልስ አላቸው። ስክሪን ቀለሙን የሚያመጣው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ነው። ማተሚያው ብርሃን የለውም፤ ሲያን (ሰማያዊ ቢጤ)፣ ማጀንታ (ቀይ ቢጤ)፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ነው የሚደራርበው። ምሳሌያቸው በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ነው፣ አፈወርቅ ተክሌ የሰሩት 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል። ፀሐይ ከኋላው ስትሆን ከውስጥ ለሚያየው ይነዳል፤ በቀን ከውጪ ብታዩት ግን ጥቁር መስታወት ነው። «ማተሚያ ቤት ያሳዩሽ ከውስጥ ያለውን ነው፣ የሰቀልሽው የውጪውን» አሉኝ።

አዲሱ ታፔላ ላሜራ ላይ ነው፣ ፀረ ዝገት ተቀብቶ። መደቡ የዝገት ቀይ፣ በፀሐይ የማይለቅ ዓይነት ነው፤ ማዶ የተለጠፈ አሮጌ ፖስተር አሳይተውኝ «ቀዩና ቢጫው ሄዶ ሰማያዊው ብቻ የቀረው ለምን ይመስልሻል?» ብለውኝ ነበር። የሚገርመው ይሄ ቀይ ቁርጥ የበርበሬ መልክ ነው። ፊደሉ ወተት መሳይ ነጭ። ማስመሪያ ለመስመሩ ብቻ ነው የተጠቀሙት፤ የፊደሎቹን ርቀት በዓይናቸው ነው የለኩት። «ባልትና» ሲጽፉ «ት»ን ወደ ጎረቤቶቿ አስጠጓት። እግሯ ቀጭን ስለሆነ በሴንቲ ሜትር እኩል ቢደረግ ግራና ቀኟ የተቦረቦረ ይመስላል። በየፊደሉ መሃል ሽሮ ብታፈሺበት እኩል ሽሮ ይግባ ነው ያሉኝ። ከሰሌዳው ሲሶው ባዶ ነው፤ መጀመሪያ ቀለም ቆጠቡብኝ ብዬ አሰብኩ፣ አሁን ዓይን የሚያርፈው እዚያ እንደሆነ ገብቶኛል።

እንከናቸውንም ልናገር። በአራት ቀን አሉኝ፣ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ዝናብ ካለ ብሩሽ አይነኩም። ስልክ አያነሱም። «እንዲህ ቢሆንስ?» ካላችኋቸው «አብሽሪ» ብለው የራሳቸውን ይሰራሉ። የከፈልኳቸው ግን ለባነሩ ካወጣሁት ብዙም አልበለጠም።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይጨምርልዎ፤ ሁለቱንም እላለሁ፣ ወሎ ነን።

ጋሼ «ስሜና ስልኬ ፌስቡክ ላይ እንዳይወጣ» ብለውኛል። አራዳ አካባቢ ናቸው፤ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቤቱን አሳያችኋለሁ። ስትሄዱ ያሰራችሁትን ሥዕል ወይም ዲዛይን ይዛችሁ አትሂዱ፣ አይተው ዝም ነው የሚሉት። ሚጥሚጣ ይወዳሉ።