ዴራ ላለው የትኬት ልጅ ምስጋና

ከዱባይ ቻይና፣ ጓንዡ ለምትመላለሱ፣ በተለይ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ ልታመጡ ላሰባችሁ፣ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ። ስሜን አትጻፊ ስላለኝ አልጽፍም። ዱባይ፣ ዴራ ሰፈር ውስጥ ሁለት ወንበር ብቻ ባላት ትኬት ቢሮ ነው የሚሠራው፣ ያገራችን ልጅ ነው።

አምና የቆረጥኩት ሌላ ቦታ ነበር። ትኬቱ ሰኞ 02:50 ይላል። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሻንጣ ሳዘጋጅ ውዬ ማታ ኤርፖርት ብደርስ አውሮፕላኑ ሌሊቱን ሄዷል! ለካ ከቤት መውጣት የነበረብኝ እሁድ ማታ ነው። የሸጠልኝ ሰው አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ ገንዘቤም ቀልጦ ቀረ።

ይሄ ልጅ ግን ገና ሳይቆርጥልኝ "እህቴ፣ የደረስሽ ዕለት ምን ልትሠሪ አስበሻል?" አለኝ። ጠዋት 4 ሰዓት ከዕቃ አቅራቢው ጋር ቀጠሮ አለኝ ስለው ሳቀ። ያገለገለ ወረቀት ገለበጠና በእስክሪብቶ ያሰላልኝ ጀመር። መነሻ 02:50፣ መድረሻ 14:05። እኔ እኮ 11 ሰዓት ከሩብ ልበር ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። ሁለቱም የተጻፉት በየከተማው ሰዓት ነው፣ ጓንዡ ደግሞ ዱባይን በ4 ሰዓት ትቀድማለች፣ እሱን ስትቀንሱት አየር ላይ የምትቆዩት 7 ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው። ርቀቱም በቀጥታ 5800 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሂሳቡ ይገጥማል። ስንደርስ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ሆኗል ማለት ነው። ፓስፖርት ላይ ተሰልፌ፣ ሆቴል ገብቼ፣ ገበያው ሊዘጋጋ ነው። ቀጠሮዬን እዚያው ቢሮው ቁጭ ብዬ በስልክ ወደ ማግስቱ አዛወርኩት።

ስመለስ ደግሞ ሌላ ጉድ። ከጓንዡ 00:15 ተነስቼ ዱባይ 04:30 እገባለሁ ይላል፣ 4 ሰዓት ብቻ የምበር ይመስላል። "አትሸወጂ፣ 8 ሰዓት ከሩብ ነው" አለኝ። ከላይ ያለው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ስትሄዱ ከኋላ ይገፋል፣ ስትመለሱ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። በዚያ ላይ 00:15 ስለሆነ ይሄም ያው የቀን ወጥመድ አለበት። ወረቀቱ ላይ "ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ኤርፖርት፣ ዓርብ አይደለም!" ብሎ በአማርኛ ጽፎ ሁለቴ አሰመረበት። ያቺን ወረቀት አሁንም ፓስፖርቴ ውስጥ ነው የያዝኳት።

መንገድ ላይ 9 ሰዓት የሚያስጠብቅ ርካሽ ትኬትም ነበረ። ራሱ አሳየኝና ራሱ ተዪው አለኝ ማለት ይቻላል፣ አንድ ቀን ገበያ ያቃጥልብሻል ብሎ። ብቻ በካንቶን ፌር (የጓንዡ ትልቁ የንግድ ትርኢት) ሰሞን፣ በሚያዝያና በጥቅምት፣ ሆቴሉ እሳት ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ሂዱለት።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጥሩን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። እሁድ ግን አትደውሉለት፣ አያነሳም።