የሸክላ ውሃ ማጣሪያ፦ ድስቱ፣ ሻማው ወይስ በቱቦ የሚወርደው?

የሸክላ ማጣሪያ ልግዛ ያለ ሰው ሦስት አይነት ያገኛል፦ ባልዲ ውስጥ የሚንጠለጠል የሸክላ ድስት፣ ሁለት ፎቅ የሆነው የስቲል ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጡ ሻማ የመሰለ ነጭ ሸክላ የቆመበት፣ እና ከላይኛው ባልዲ ወደ ታችኛው ጀሪካን በቀጭን ቱቦ የሚያወርደው ሳይፈን። ሦስቱም ጋ ውሃው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳ ያልፋል፣ ጭቃው፣ ጥገኛ ትሉና ባክቴሪያው ይቀራል። ልዩነታቸው የሚታየው ቤት ከገቡ በኋላ ነው።

ድስቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ጓቲማላ ውስጥ ፈርናንዶ ማዛሪየጎስ የሰራው ነው፣ በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ኒካራጓን ከመታ በኋላ ደግሞ ፖተርስ ፎር ፒስ የሚባል ድርጅት በደንብ አስፋፋው። አሰራሩ ደስ ይላል እኮ፣ የሸክላ አፈር ላይ የተነፋ ሰጋቱራ ወይም የሩዝ ገለፈት ይቀላቀላል፣ በክሪክ በሚሰራ ማተሚያ ተጭኖ ቅርጽ ይይዛል፣ ከደረቀ በኋላ ወደ 900 ዲግሪ አካባቢ ይተኮሳል፣ ሰጋቱራው ተቃጥሎ ሲጠፋ የነበረበት ቦታ ውሃ ማለፊያ ሆኖ ይቀራል፣ መጨረሻ ላይ ባክቴሪያ እንዳይራባ ብር (ጌጥ የሚሰራበት ማዕድን) ይቀባል። ከዛ እያንዳንዱ ድስት ውሃ ተሞልቶ ፍሰቱ ይለካል፣ በሰዓት ከ1 እስከ 3 ሊትር ከሆነ ያልፋል፣ ከዛ ከፈጠነ ግን ስንጥቅ አለው ወይም ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ስለሆነ ይሰበራል። ስለዚ ሻጩ "ይሄኛው ፈጣን ነው" ብሎ ካሞገሰላችሁ ትታችሁት ሂዱ። የድስቱ ጥሩ ነገር የሚላላ ጎማ ምናምን የለውም፣ መጥፎው መሰበሩ ነው። ካምቦዲያ ውስጥ በተጠና ጊዜ በየወሩ 2 በመቶ ያህሉ ቤት መጠቀም ያቆም ነበር፣ ዋናው ምክንያት ደግሞ ስብራት። ቤት ቶሎ ቶሎ ለሚቀይር ተከራይ አልመክርም።

ሻማው ቀዳዳው በጣም ደቃቅ ነው፣ ጥሩዎቹ ከ1 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) በታች ናቸው። ግን ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ፣ ሻማው ከላይኛው ዕቃ ጋር የሚታሰርበት ቦታ ላይ ያለው ጎማ ትንሽ ከላላ ያልተጣራው ውሃ በጎን ሾልኮ ይወርዳል፣ እናንተም የተጣራ ብላችሁ ትጠጣላችሁ። ገዝታችሁ እንደገጠማችሁ አፈር የተበጠበጠበት ውሃ ሙሉበትና ከታች ደፍርሶ ከመጣ ፈታችሁ እንደገና እሰሩት። ሌላው፣ ሻማው ለማጽዳት በተፋቀ ቁጥር ይሳሳል፣ ስለዚ ትርፍ ሻማ ብቻውን የሚሸጥበት ሱቅ ሳታውቁ ዕቃውን አትግዙ። ውስጡ ከሰል ያለበት አይነት የክሎሪን ሽታ ይቀንሳል፣ ከሰሉ ግን ከሸክላው ቀድሞ ስራውን ይጨርሳል።

ሳይፈኑ ከሦስቱ ፈጣኑ ነው፣ በሰዓት ከ4 እስከ 6 ሊትር ይሰጣል፣ ሲደፈን የጎማ ፓምፑን ጨመቅ አርጋችሁ ወደኋላ ታጥቡታላችሁ። ችግሩ የታችኛውን ዕቃ የምታመጡት እናንተ ናችሁ፣ ጀሪካኑ ቆሻሻ ከሆነ ያጣራችሁት ውሃ ተመልሶ ይበላሻል።

የኔ ምርጫ፦ የከተማ ቧንቧ ለሚጠጣ ሻማው፣ ቤተሰቡ ብዙ ለሆነ ሳይፈኑ፣ አንድ ቦታ ተቀምጦ የማይነካካ ከሆነ ድስቱ። የወንዝ ወይም የክረምት ድፍርስ ውሃ ከሆነ የትኛውንም ብትገዙ መጀመሪያ አሳድሩትና ከላይ ከላዩ ቅዱ፣ አለበለዚያ ወዲያው ይደፈናል። ሸክላውን በሳሙና አትጠቡት፣ ብሩሽና ንጹህ ውሃ ይበቃዋል፣ የመጀመሪያዎቹን ሙሊቶች ደግሞ ድፉ፣ አፈር አፈር ይላል።

ቫይረስ ላይ ሦስቱም ደካማ ናቸው፣ ከቀዳዳው ያንሳላ፣ ስለዚ ወረርሽኝ ሲኖር ካጣራችሁ በኋላ አፍሉት ወይም ክሎሪን ጨምሩበት። ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገርም አይዙም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይዱ ከፍ ያለ የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ ከነዚህ አንዱም አያወርድላችሁም፣ የአጥንት ከሰል ያለበትን ማጣሪያ ጠይቁ።