ጆርዳን ለምትሄዱ፦ እናቴን እንደ እናቱ የያዘልኝን ሹፌር ላመስግንላችሁ

ከተመለስን ሰነባብተናል፤ ይህን ሰው ግን በአደባባይ ሳላመሰግነው ዝም ብል ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። ስሙን አልጽፍም፣ እሱም አልፈለገም። አማን ከተማ የሚኖር፣ በራሱ መኪና እንግዳ እያዞረ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሹፌር ነው። ጆርዳን ለመሄድ የምታስቡ፣ በተለይ እናት አባቶቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የእማዬ የዕድሜ ልክ ምኞት ኢየሩሳሌምን መሳለም ነበር። የዕቁቧን ገንዘብ ሳትነካ አስቀምጣ፣ እኔም ከቨርጂኒያ ጨምሬበት፣ ለ2016 ትንሣኤ ብለን ተጓዥ ለሚያሰባስብ ሰው አስቀድመን ከፈልን። መስከረም መጨረሻ ላይ የእስራኤልና የጋዛው ጦርነት ተነሳና ጉዞው ቀረ። መቅረቱ የማንም ጥፋት አይደለም። አንጀቴን ያሳረረው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። መጀመሪያ «ትንሽ ታገሱ» ተባልን። ቀጥሎ «ገንዘቡ ሆቴል ገብቷል» ተባልን። ከዚያ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። አንድ ቀን እማዬ በጎረቤት ስልክ ስትደውልለት አነሳና «እማማ፣ ጦርነቱን እኔ አልጀመርኩት» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋባት። ገንዘቡስ ይቅር፤ በዚህ ዕድሜዋ ያንን መስማቷ እስካሁን ያመኛል።

ኢየሩሳሌም ካልተቻለ ዮርዳኖስን ከወዲህ ማዶ ትይ ብዬ ወደ ጆርዳን ጉዞ የሚያዘጋጁ ሌሎች ሰዎችን ጠየቅሁ። ዕድሜዋን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፤ ጉልበቷን እንደሚያማትም ነገርኳቸው። «ቡድኑን ታዘገይብናለች» አሉኝ። በቃ፣ መልሳቸው ይሄው ነበር። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ እናቱን እንደ ትርፍ ሻንጣ ሲቆጥሩበት ምን ይላል?

አማን የምትኖር የጓደኛዬ እህት የዚህን ሹፌር ቁጥር የላከችልኝ ያን ጊዜ ነው። እዚያ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ሲታመሙ በሌሊት ተነስቶ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው እሱ ነው አለችኝ። ለእኔ ይህ ከየትኛውም ማስታወቂያ በላይ ነበር።

ቀብድ አልጠየቀም። የእማዬን ቪዛ ነገር ዛሬም በቅጡ አልገባኝም፤ እሱ የሚያውቀው ቢሮ ወረቀት ጠየቀን፣ ላክን፣ ቪዛው መጣ። ለእኔ ደግሞ ጆርዳን ፓስ የሚባለውን ከመነሳቴ በፊት እንድገዛ በዋትሳፕ ጻፈልኝ። ከዓለት የተፈለፈለችው የጥንት ከተማ የፔትራ መግቢያ ብቻውን 50 ዲናር ነው፤ ፓሱ ግን ፔትራንም ሌሎች ብዙ ቦታዎችንም ይዞ ይመጣል። ዝርዝሩን እሱ ያስረዳችኋል።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። እሱ ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ይነዳል፤ እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። በመጀመሪያው ቀን ምን እንደምትበላና ምን እንደማትበላ ጠየቀኝ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይነካካትም አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሁለተኛ አልጠየቀኝም። በረመዳን ቀን ምግብ ቤቱ አብዛኛው ዝግ ነው፤ እሱ ግን የት እንደሚከፈት ያውቃል። ወጥ ቤት ድረስ ገብቶ፣ ሳህኑ ውስጥ እርጎ እንዳይገባ ቆሞ አይቶ፣ ፉልና ሁሙስ፣ ወይራና ትኩስ ቂጣ አስይዞ ይወጣል። ራሱ ሳይበላ! ስትበላ ደግሞ እንዳታፍር ብሎ ፊቱን አዙሮ መኪናውን ይወለውላል።

ፔትራ የደረስነው በማለዳ ነው፤ ፀሐይ ሳይበረታ ግቡ ያለን እሱ ነው። ጦርነቱ ቱሪስቱን ስላራቀው ቦታው ጭር ብሎ ነበር። ከመግቢያው ወደ ውስጥ ሲቅ የሚባል ጠባብ የገደል መተላለፊያ አለ፣ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ለእማዬ ጉልበት የማይታሰብ ነው። ሽማግሌ የምታመላልስ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና እንዳለች እኛ አናውቅም፤ እሱ አስቀድሞ ተነጋግሮ ጨርሶ ነበር። ገደሉ ድንገት ይከፈትና ከፊታችሁ 40 ሜትር የሚጠጋ፣ ከአንድ ተራራ የተፈለፈለ ሐምራዊ ግንብ ይቆማል። ናባጣውያን የሚባሉ ሕዝቦች ከ2000 ዓመት በፊት ገደማ የሠሩት ነው፤ የንጉሥ መቃብር ሳይሆን አይቀርም ይባላል። በዱዊኖቹ፣ ማለትም የበረሃው ዘላን አረቦች፣ አናቱ ላይ ባለው የድንጋይ እንስራ ውስጥ ወርቅ አለ ብለው ጥይት ይተኩሱበት ነበር፣ የጥይቱ ጠባሳ ዛሬም ይታያል። እማዬ ሌላውን ሁሉ ትታ ድንጋዩን በመዳፏ ስትዳስስ ቆየችና «ይሄንንስ እንደ ላሊበላ መላእክት አግዘውት ይሆን?» አለች። ተርጉሜ ነገርኩት። ሳቀና፣ ከዚህ ወደ ውስጥ ያለው አንዱ ትልቅ መቃብር በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሆኖ እንደነበር ነገራት። ከዚያ በኋላ እማዬን ከፔትራ ማስወጣት ቀላል አልነበረም። ስንመለስ በዋዲ ሙሳ፣ ሙሴ ድንጋዩን መትቶ ውሃ አፈለቀበት በሚባለው ምንጭ አቆመን፤ ጠጣች፣ ፊቷን ታጠበች። በሩቅ የአሮን መቃብር አለበት የሚባለውን ተራራም በጣቱ አሳያት።

ስለ ዋዲ ረም በረሃ አሸዋና ዓለት ሌላው ብዙ ስለሚጽፍ እኔ ልለፈው፤ ብቻ እዚያም ቢሆን ሌሎቹ ከኋላ ክፍት ፒክአፕ ላይ ሲጫኑ እማዬ ጋቢና ብርድ ልብስ ለብሳ የተቀመጠችው በእሱ ክርክር ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ናባው ተራራ፣ ሙሴ የተስፋይቱን ምድር ከሩቅ አይቶ ሳይገባ የቀረበት። እማዬ ከአዲስ አበባ ስትነሳ ጀምሮ የጠበቀችው ይህን ነው፤ አየሩ ጥርት ካለ ከዚያ ላይ ኢየሩሳሌም ትታያለች ተብላለች። እኩለ ቀን ላይ ወጣን። አቧራ! ከፊታችን ጭጋግ እንጂ ሌላ ምንም የለም። ሙት ባሕር እንኳ አይታይም። እማዬ ምንም አላለችም፤ ነጠላዋን ብቻ ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። እናቴን አውቃታለሁ፣ ያ ዝምታዋ ከለቅሶ ይከብዳል።

ሌላ ሹፌር ቢሆን «ዕድላችሁ ነው» ብሎ ሞተሩን ባስነሳ። እሱ ሰማዩን አየና «ሐጃ፣ አትዘኚ፣ ማምሻውን ነፋስ አለ» አላት፤ ሁልጊዜ «ሐጃ» ነው የሚላት፣ ትልቅ ሴትን በአክብሮት መጥሪያ ነው። ማደባ ወሰደን፣ ብዙም አይርቅም። እዚያ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀለማት ጠጠር የተሠራ የቅድስት ሀገር ካርታ አለ፤ ከዚያ የቀደመ የቅድስት ሀገር ካርታ አልተገኘም። መሐሉ ላይ ኢየሩሳሌም ከነቅጥሯ፣ ከነበሮቿ ተሥላለች። የጊዮርጊስ ስም ሲጠራ እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። ጠባቂው ደነገጠ፤ እሱ ግን በአረብኛ አንድ ነገር ብሎት ሁለቱም ፈገግ አሉ።

ስንመለስ ናባው ሊዘጋ ደርሷል። ወደ ሙት ባሕር በሚወርደው መንገድ ትንሽ ነዳና አንድ ኩርባ ላይ ዳር ይዞ ቆመ። ነፋሱ እንዳለው መጥቷል። ፀሐይዋ ጠለቀች፣ ከታች ከመንደሩ አዛን ተሰማ። ከኪሱ ቴምር አወጣ፣ አንዱን ለእማዬ፣ አንዱን ለእኔ፣ የራሱን ከሁላችን በኋላ ቀመሰ። ስልኩ ይጠራል፤ ባለቤቱ ናት፣ ቤት ለማፍጠሪያ እየጠበቁት ነው። አጠር አድርጎ መለሰላትና ዘጋው። ከማዶ መብራቶች አንድ በአንድ መብራት ጀመሩ። ከእማዬ ጎን ቆሞ ክንዷን ሳይነካ በጣቱ እያመለከተ፣ ታች ያለው ኢያሪኮ ነው፤ ከዚያ በላይ፣ ተራራው ጫፍ ላይ፣ ያ ረጅም ብርሃን ኢየሩሳሌም ነው አላት።

እማዬ አስፋልቱ ዳር ተንበረከከች። እሱ ወዲያው ሄዶ የመኪናውን መብራት አጠፋና ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም፣ ጨልሞ ነበር። አንዴ እንኳ «እንሂድ» አላለንም። ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው፣ ሚስትና ልጆቹ ማዕድ ዘርግተው እየጠበቁት! ስትነሳ «ሙሴም ያየው ከዚሁ ነው፣ እኔ ማን ነኝና» አለች። በአማርኛ ነው ያለችው፣ እሱ ግን የገባው ይመስል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰላት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

በማግሥቱ ጌታ የተጠመቀበት ስፍራ፣ አል-ማግታስ ወሰደን። እዚያ በግቢው አውቶቡስና አስጎብኚ ነው የሚገባው፣ እሱ በር ላይ ቀረ፤ ግን ሁለት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ በእማዬ ቦርሳ ውስጥ ከትቶላት ነበር። ዮርዳኖስ እጅግ ጠባብ ነው፣ ማዶው የእስራኤል ወገን ቅርብ ነው። ውሃው ለእርሻና ለመጠጥ እየተጠለፈ ስላለቀ ነው፤ ለዚህም ነው ሙት ባሕር በየዓመቱ አንድ ሜትር ገደማ እየወረደ ያለው። ሹፌራችን ልጅ እያለ የሙት ባሕር ውሃ ይደርስበት የነበረውን ቦታ ከመንገድ አሳየን፤ አሁን ባሕሩ ከዚያ በእግር የሚያስኬድ ርቀት ሸሽቷል። ከባሕር ወለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ወርዳችሁ ነው የምትቆሙት። እማዬ እግሯን ብቻ ነከረች፤ ዓይኗን እንዳትነካ እየጮኸ አስጠነቀቃትና ጨዉን የምትለቃለቅበትን ንጹሕ ውሃ ከመኪናው ኋላ አመጣላት።

በመጨረሻው ቀን ከተስማማንበት በላይ ሳንቲም አልተቀበለም። ለናባው ማታ ብዬ ልጨምርለት ስል ተቆጣኝ። ስለዚህ በዚህ ልክፈለው፤ እባካችሁ ሥራ ስጡት። ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ እንግዳ ቀንሶበታል። እናት ያለው ሰው፣ ጉልበት የሚያመው ሽማግሌ ያለው ሰው፣ ከእሱ ጋር ይሂድ። አይዋሽም፣ አያጣድፍም፣ ሱቅ ለሱቅ አይጎትትም። ደግሜ እላለሁ፦ ከእሱ ጋር ሂዱ።

ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዶልኛል። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው። ዓርብ ጠዋት አይሠራም፤ ለጸደይ የምታስቡ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ጻፉለት፣ የቪዛው ወረቀት ጊዜ ይፈልጋል።