ስታዲየም አካባቢ ያለ የአደን ጉዞ አዘጋጅ፦ የደንበኛ አስተያየት

ከውጭ አገር የመጡ አንድ አረጋዊ እንግዳዬ የደጋ አጋዘን ለማደን ፈልገው በአስተርጓሚነት እንዳጅባቸው ስለጠየቁኝ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ካለው የአደን ጉዞ አዘጋጅ ድርጅት ጋር ለሦስት ሳምንት ያህል ተገናኝቻለሁ። እኔ ራሴ አዳኝ አይደለሁም፤ ከዶሮና ከበግ በቀር ሲገደል ያየሁት እንስሳ አልነበረም። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም።

የቢሮው ሥራ የተጣራ ነው። የጠመንጃ ማስገቢያ ፈቃዱ እንግዳው ቦሌ ከመድረሳቸው በፊት አልቆ የነበረ ሲሆን፣ የአደን ፈቃዱም የትኛው እንስሳ በየትኛው የአደን ቀበሌ (ለአደን በተከለለ ቦታ) እንደተፈቀደ ለይቶ የሚገልጽ ነበር። አደኑን የሚመራው የድርጅቱ ፕሮፌሽናል አዳኝ እንግዳውን አስቀምጦ፣ ቀንድ የሌላት ሴት እንደማትነካ፣ ወንዱም ቢሆን ዕድሜው የገፋ መሆኑ ሳይረጋገጥ እንደማይተኮስበት በትዕግሥት አስረዳቸው።

ይህ ጥንቃቄ የሚገባ ነው። የደጋ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ካሉት የአርሲና የባሌ ተራሮችና ከአጎራባቾቻቸው በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ በሳይንስ የተመዘገበውም በ1910 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ዘግይቶ የታወቀ ትልቅ እንስሳ ነው። ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ይቆጠራል። ዋናው ጠላቱ ግን በኮታ የሚተኩሰው እንግዳ ሳይሆን፣ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ የሚወጣው የገብስ እርሻ፣ አስታ በሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚሰማራው ከብትና ለግጦሽ ተብሎ የሚለቀቀው እሳት ነው። በዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 የተፈቀደው ሕጋዊ አደን ለዱር እንስሳው የሚጠቅመው፣ ደኑ ቆሞ እንዲኖር የሚፈልግ የአካባቢ ሰው ሲፈጥር ነው፤ ያ ካልሆነ ተኩሱ ብቻ ይቀራል።

ተራራው ላይ ያገኘናቸው ሁለቱ ዱካ ፈላጊዎች የመንደሩ ልጆች ናቸው። ከእበቱ እርጥበት ተነሥተው እንስሳው መቼ እንዳለፈ ይናገሩ ነበር፤ ለእኔ ከጉዞው ሁሉ የላቀው ይህ ነው። በስድስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ሽማግሌ አጋዘን ሲመታ፣ አንደኛው ልጅ ሥጋው ለመንደሩ እንዲሆን ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ ቢስሚላሂ ብሎ አረደው። ማታ እሳት ዳር የተቀመጡ አንድ አባት በኦሮምኛ ያሉትን ሾፌሩ ሲተረጉምልኝ እንዲህ ነበር፦ «አጋዘኑ ገብሳችንን ይበላል፤ ብሩን ደግሞ አዲስ አበባ ይበላዋል።»

ድርጅቱን የምወቅሰው በዚህ ላይ ነው። የዋጋ ወረቀቱ የመንግሥትን ክፍያ፣ የድርጅቱን የቀን አገልግሎትና የዱካ ፈላጊዎቹን አበል በአንድ ድምር ጠቅልሎ ያቀርባል። ከመሄዳችን በፊት የመንደሩ ድርሻ ስንት እንደሆነ ስጠይቅ «ለመንግሥት እንከፍላለን» የሚል መልስ ብቻ አገኘሁ። ከተመለስን በኋላም ደጋግሜ ጠይቄ ዝርዝሩ በኢሜይል ሲደርሰኝ፣ ሌላው ሁሉ እስከ ሳንቲሙ ተጽፎ፣ «ለአካባቢው ኅብረተሰብ» ከሚለው ረድፍ ፊት ጭረት ብቻ ነበር።

ለፈቃዱ ሥራና ለተራራው ቡድን ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፤ ለሂሳቡ አንድ። ውል ለመፈረም የሚሄድ ሰው ያንን ረድፍ አስሞልቶ ይፈርም።