ዜድ-39 ይገዛ ወይስ ዜድ-23 ይጠበቅ?

የጦር መርከቦች የሚዋጉበት የኢንተርኔት ጨዋታ ወርልድ ኦፍ ዋርሺፕስ ራሱ በነጻ ይወርዳል። ኪስ የሚነካው ፕሪሚየም፣ ማለትም በገንዘብ የሚገዙ መርከቦች ላይ ስትደርሱ ነው። ከጀርመን ዴስትሮየሮች (ትንንሽና ፈጣን የጦር መርከቦች) መካከል ዜድ-39 እንዲህ ያለ መርከብ ነው፤ ደረጃው 7 ነው። ከሱ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ዜድ-23 አለ፤ እሱን ያለ ሳንቲም፣ በመጫወት ብቻ ማግኘት ይቻላል። የኔን አቋም ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ለውጊያ ብቻ ከሆነ ዜድ-23ን ጠብቁ።

መድፋቸው አይለያያቸውም። ሁለቱም 150 ሚሊሜትር ይተኩሳሉ፤ ይህ ለዴስትሮየር ትልቅ ነው። በእውነተኛው ጦርነት ጊዜ ከፊት ያለው ጥንድ መድፍ በጣም ከብዶ ስለነበር መርከቦቹ በሻካራ ባሕር ላይ አፍንጫቸው ውሃ ይዘፍቅ ነበር። በጨዋታው ማዕበሉ አያስቸግርም። ግን ከአሜሪካ ዴስትሮየር ጋር ፊት ለፊት መታኮስ አይሞከርም፤ እሱ ቶሎ ቶሎ ይተኩሳል። የናንተ ጥይት የሚያምረው ጎኑን ያሳየ ክሩዘር (ከዴስትሮየር የሚተልቅ መርከብ) ላይ፣ ብረት በሳሹን ስትጭኑ ነው።

ሁለቱንም የሚያስወድዳቸው ሶናሩ፣ ማለትም ጠላትን በድምፅ የሚፈልገው መሣሪያ ነው። ጠላት ነጥብ የሚያስገኘው ክበብ ውስጥ ገብቶ ጭስ ይለቅና ተደብቄያለሁ ብሎ ይቀመጣል። ጠጋ ብላችሁ ሶናሩን ትከፍታላችሁ፤ ጭሱ እንዳለ ሆኖ መርከቡ ስክሪናችሁ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሚመጣ ቶርፔዶም ቀድሞ ይታያችኋል። ለዚህ ግን ሳይታዩ መጠጋት ያስፈልጋል፤ ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው። ከደረጃ 8 ጀምሮ አምስተኛ የማሻሻያ ቦታ ይከፈታል፣ መርከቡ የሚታይበትን ርቀት በ10 በመቶ የሚቀንሰው ዕቃ የሚገባው እዚያ ነው። ዜድ-23 ያገኘዋል፤ ዜድ-39 አያገኘውም። እንዲህ ላለ ሥራ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ዜድ-23 ዋጋ አያስከፍልም ማለት ግን አይደለም። ከደረጃ 10 መርከቦች ጋር ሊመደብ ይችላል፤ ዜድ-39 ቢበዛ ደረጃ 9 ነው የሚገጥመው። ዜድ-23 ላይ ለመድረስም ከደረጃ 2 ጀምሮ መስመሩን መውጣት አለ፤ ጊዜ ይበላል።

ታዲያ ዜድ-39 ለማን ነው? ጀርመን መርከቦችን አዘውትሮ ለሚጫወት ሰው። ፕሪሚየም ስለሆነ የጨዋታውን ብር በደንብ ያስገባል። ሌላ የጀርመን መርከብ ላይ የሚያገለግል ካፒቴናችሁንም ያለ ቅጣት አሳፍራችሁ ልታሠለጥኑበት ትችላላችሁ። ታሪክ ለሚወድም ሌላ ነገር አለው፦ እውነተኛው ዜድ-39 እ.ኤ.አ. በ1943 ሥራ ጀምሮ ከጦርነቱ ተርፏል፤ በኋላ አሜሪካ ወሰደችው፣ ከዚያ ለፈረንሳይ ተላልፎ የመለዋወጫ ምንጭ ሆነ።

ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሌበረክት ማስን ተጫወቱ። ደረጃ 7 ነው፣ በነጻ ይገኛል፣ ወደ ዜድ-23 የሚያደርሰውም እሱ ነው። የጀርመን አካሄድ ካልተስማማችሁ እዚያው ታውቁታላችሁ። ከተስማማችሁና ዜድ-39ን ከፈለጋችሁ ደግሞ መርከቡን ብቻውን ግዙ፤ አብሮ የሚሸጠው ጥቅል ውስጥ ያለውን አብዛኛውን ነገር በመጫወት ታገኙታላችሁ።